ባጅ ያልታየ አይገባም

ሰኞ ጠዋት የቀዝቃዛው ክፍል በር ሲከፈት ከውስጥ የጠበቃቸው ብርዱ ብቻ ነበር። ከሞጆ እስከ አዳሚ ቱሉ ላሉት ጤና ጣቢያዎች የሚከፋፈለው ኢንሱሊን፣ የስኳር ሕመምተኛው ሁሉ ዓይኑን ጥሎ የሚጠብቀው መድኃኒት፣ ከነካርቶኑ የለም። ቁልፍ አልተሰበረ፣ መስኮት አልተፈለቀቀ። ሌባው እንደ ባለቤት በበሩ ገብቶ በበሩ ወጥቷል።

ኢንስፔክተር አብተው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ደሙ ይሞቃል። በር ሰባሪ ሌባ ያሰለቸዋል፤ በሩን በሥርዓት ዘግቶ የሄደ ሌባ ግን ቁጭ ብለው ሊያስቡለት የሚገባ ሰው ነው ይላል። ከሳጅን ሳፊያ ጋር ቦኩ ኮረብታ ግርጌ ወዳለው መጋዘን ሲደርስ ራሰ በራውን በመሐረብ እየጠረገ ፈገግ ብሎ ነበር። ፈገግታው የቆየው እስከ ግቢው በር ነው። እዚያ አስነጠሰው፤ ደገመው፤ ሠለሰው።

«ይማርዎ» አሉት ከጥበቃ ቤቷ ብቅ ያሉ ሽማግሌ።

«ያኑርዎ፣ አባቴ። ምን ጉድ ነው ይሄ?»

«በርበሬ ነው።» ሽማግሌው አጠገባቸው ያለውን ወፍጮ ቤት በአገጫቸው አሳዩት። «የጃዕፈር ወፍጮ እሑድም አይዘጋ። እዚህ በር ላይ ሳያስነጥሰው የሚያልፍ የለም። ሴቶቹ አፍንጫቸውን ሸፍነው ነው የሚገቡት፤ እሱም አላዳናቸው። ባጅ?»

«ፖሊስ ነን እኮ።»

«ፖሊስ ባጅ የለውም?»

ከራሳቸው በላይ «ባጅ ያልታየ አይገባም» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። አንዱ የሰፈር ቀልደኛ መሐል ላይ «ጃ» ጨምሮበት «ባጃጅ ያልታየ አይገባም» ሆኖ ሰንብቶ ነበር፤ ቀለም ቀብተው አጠፉት እንጂ አሁንም ጥላው ይታያል። አብተው እየሳቀ መታወቂያውን አወጣ። ሽማግሌው ፎቶውን አዩ፣ ማኅተሙን አዩ፣ መለሱለት። ቀና ብለው ፊቱን አላዩም።

«ፊቴንስ አያመሳስሉም?»

«ባጅ እይ፣ ፊት አትይ ተብያለሁ። ፊት ያዋድዳል አሉ።»

«ማን አለ?»

መልሱ ከኋላቸው መጣ። «ወዬሳ፣ ምን ታስቆማቸዋለህ? ክፈት እንጂ።» ቀጠን ያለች፣ ግራጫ ኮት የለበሰች ሴት ናት። ባጇ ግራ ደረቷ ላይ፣ ፎቶው ወደ ፊት፣ በመርፌ እንደተሰፋ ቀጥ ብሏል። «ወይዘሮ ልዩ እባላለሁ፤ የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። እንኳን መጣችሁ። ነገሩ ግን ያለቀ ነው።»

*

ያለቀ ይመስል ነበር። ቀዝቃዛው ክፍል የሚከፈተው በባጅ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ እሑድ ከሰዓት በሩን የከፈተው የሑስና ባጅ ነው ይላል። ሑስና የክፍሉ ንብረት ጠባቂ ናት፤ ወልዳ ከዕረፍት የተመለሰች በቅርቡ ነው። አጣዳፊ ትእዛዝ ሲኖር እሑድ ብቻዋን መጥታ የክትባት ሳጥን አንግታ መውጣቷ የተለመደ ነው። ካሜራው ያየውም ይኸንኑ ነው፤ ጥቁር ሂጃብ፣ የተሸፈነ አፍንጫ፣ ደረት ላይ ባጅ፣ ትከሻ ላይ ሰማያዊ ሳጥን። ሴትዮዋ በሩ ላይ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ሳጥኑን አስቀምጣ እየተመለሰች፣ በተረጋጋ እርምጃ መደርደሪያውን ባዶ አድርጋዋለች።

«ባጇን ተቀብያታለሁ» አለች ወይዘሮ ልዩ፣ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። «ጠዋት አንገቷ ላይ ነበር። ጠፋብኝ እንኳ አላለችም።»

«እርስዎ እሑድ የት ነበሩ? ሁሉንም ነው የምጠይቀው።»

«ሞጆ። የአክስቴ ልጅ መልስ ነበረ። ከፈለጉ ፎቶ አለኝ።»

ፎቶው አለ። ምሳ ላይ ከሙሽራዋ ጎን ተቀምጣለች፣ ኬክ ሲቆረስም አለች። አብተው አመስግኖ ተነሣ። ጥበቃው አባባ ወዬሳም ሲጠየቁ ቃላቸው ጠንካራ ነበር። «ሑስና ናት። ባጇን አይቻለሁ» አሉ፤ አሉና መሬት መሬት አዩ። ሳፊያ ቃላቸውን ስትመዘግብ አብተው ያቺን አቀርቅሮ ማየት ልብ አላት፤ ምን እንደምትለው ግን አላወቀም።

*

ጣቢያ ሲደርሱ ሑስና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። አማቷ ናቸው ሕፃኑን አቅፈው ያመጡላት። ሕፃኑ የሚያውቀው ነገር የለም፤ እየጠባ አንድ እግሩን ያወዛውዛል።

«ቤቴ ነበርኩ» አለች። «ከሱ ጋር። አማቴም ነበሩ።»

«አማት ምስክር አይሆኑም ይላሉ እዚህ ቤት።»

«አውቃለሁ። ግን ሌላ ማንን ላምጣ? የሚያጠባ ሰው እሑድ ቀን ማን ያየዋል?» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ዓይኗ ብቻ ቀላ። «ሌባ ካሉኝ ሥራው ይቅር። ይሄን ልጅ የት አድርጌ ነው የምታሰረው? ጡት ካልሆነ አይዝም።»

አብተው ወደ ኮማንደሩ ቢሮ ገባ። ኮማንደሩ ግን ቆርጠው ነበር። «ባጇ ከፈተ፣ ባጇ አንገቷ ላይ ተገኘ፣ ጥበቃው መሰከረ። ሌላ ምን ትሻለህ? ነገ ከሰዓት ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«እስከዚያ ግን የኔ ናት፣ ኮማንደር።»

«እስከዚያ ያንተ ናት።»

ሳፊያ ከቢሮው ሲወጡ ክንዱን ያዘችው። «ነገ ካመለጠን ያ ሕፃን ወይ እስር ቤት ይገባል፣ ወይ ከጡት ይነጠላል።»

«ተይኝ ሳፊ፤ እኔም ልጅ አሳድጌያለሁ» አለ አብተው። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ አልተቀመጠም።

*

መጀመሪያ የተነሣችው ፍንጭ ልብ የምታዘልል ነበረች። ሑስና ስትጨመቅ አንድ ነገር ትዝ አላት። ቅዳሜ የንብረት ክፍሉ ባልደረባቸው የመሳይ እናት ዐርፈው፣ ሠራተኛው ከሥራ እንደወጣ በሰርቪስ ወንጂ ለቅሶ ሄዷል። ፎቶ ደረት ላይ አንጠልጥሎ ድንኳን መግባት ነውር ነው ተብሎ፣ ሁሉም ባጁን አውልቆ ለእትዬ ሽታዬ ሰጠ። እትዬ ሽታዬ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። የሑስናም እዚያ ነበር።

አብተው መሪውን ራሱ ይዞ በረረ። እትዬ ሽታዬ የወይዘሮ ልዩ ቢሮ ጸሐፊ ናቸው፤ ጡረታቸው ደርሷል፣ ወገባቸው ያማቸዋል፣ ምላሳቸው ግን አያማቸውም።

«እኔ ሌባ ልሁን በዚህ ዕድሜዬ?» አሉ፣ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ወገባቸውን ይዘው። «ቦርሳዬ ከጭኔ አልወረደም። ከለቅሶ ስንወጣ አንድ በአንድ እያየሁ ለየባለቤቱ መለስኩ። የሑስናን በእጇ ሰጠኋት፤ አንገቷ ላይ ስታጠልቅ አይቻለሁ።»

«ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ባጁ እሷ ጋ ነበረ?»

«የት ሊሄድ?»

አብተው ይዟት የመጣት ፍንጭ ልጅቷን ጭራሽ አሠረቻት። እትዬ ሽታዬ ግን አልጨረሱም። «አንዷ ብቻ ናት ያላወለቀችው። ባጅ ከደረት አይወርድም ብላ፣ ፎቶዋን እንደ ሜዳሊያ አንጠልጥላ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠች። ሐዘንተኛው ሁሉ በሷ ተሳቀቀ። ማን እንደሆነች አልነግርዎትም፤ አለቃዬ ናት።»

ወደ መኪናው ተመለሱ። አብተው መሪውን በጣቱ ይቀጠቅጣል።

«ሳፊ፣ ሑስና እውነት ትናገራለች እንበል። እሑድ ቤቷ ነበረች። ባጇም አንገቷ ላይ ነበረ። በሩን ደግሞ ባጇ ከፈተው።»

«አንድ ባጅ ሁለት ቦታ አይሆንም።»

«አንድ ከሆነ አይሆንም። መንታ ከሆነስ?»

ሳፊያ ቀና አለች። «ባጁ የሚታተመው የሰው ኃይል ቢሮ ነው። ቁልፉ ያለው በእትዬ ሽታዬና በወይዘሮ ልዩ እጅ ነው።»

«አንደኛዋ ከወንበሯ መነሣት ያቅታታል። ሁለተኛዋ ሞጆ መልስ ላይ ፎቶ ተነሥታለች። ምሳ ላይ አለች፣ ኬክ ላይ አለች። መሐሉንስ ማን አየ? ሞጆ ደግሞ ቅርብ ናት።» አብተው መኪናውን አዞረ። «ይሄ ግምት ነው። ኮማንደሩ ግምት አይበሉም። ና ወደ በሩ እንመለስ፣ ሽማግሌው ያልነገሩን ነገር አለ።»

«ነይ ይበሉኝ» አለች ሳፊያ እየሳቀች።

«ነይ። ደስ ሲለኝ አማርኛዬ ይጠፋል።»

*

አባባ ወዬሳ ተራቸውን ለተረኛው ሊያስረክቡ እየተዘጋጁ ነበር። አብተው አስነጠሰው፣ ተመረቀ፣ መረቀ፤ ከዚያ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«አባባ፣ እሑድን እንደገና ይንገሩኝ። ፊልም እንደሚያዩ አድርገው።»

«መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ባጇን አየሁ።»

«የት ነበረ ባጁ?»

«ደረቷ ላይ። እዚህ ጋ፣ በግራ። ቀጥ ብሎ።»

ሳፊያ ጣልቃ ገባች። «ሑስና ባጇን ሁልጊዜ ከሂጃቧ ሥር ነው የምታደርገው። ጠዋትም ሲይዟት ከሥር ነው የወጣው።»

«እውነት ነው» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «በየቀኑ ‹አውጪው ልጄ› እላታለሁ፣ እየሳቀች ታወጣዋለች። እሑድ ግን አላስቸገረችኝም። ተመስገን ለመደች አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«አስነጠሳት። ይማርሽ አልኳት።» በከዘራቸው አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ። ያቺ ማቀርቀር ተመልሳ መጣች፤ አብተው አሁን አላለፋትም።

«አባባ ወዬሳ። ሑስና ላይ ቅር ብሎዎታል።»

«እኔ ምን ቅር ይለኛል? ዘበኛ ነኝ።»

«ምን አደረገችዎ?»

«እኔ ያቺን ልጅ ‹ኢንተላ ኮ› ነው የምላት። በኦሮምኛ ‹ልጄ› ማለት ነው፤ የምለው ደግሞ ከልቤ ነው። አስነጥሷት ስመርቃት በየቀኑ ‹ያኑርልኝ አባባ› ትለኛለች። እሑድ ግን ‹ያኑርህ› አለችኝ። አንተ አለችኝ። በዚህ ሽበቴ። ወልዳ ትልቅ ሰው ሆነች አልኩ በልቤ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት ስትጠይቁኝ ሑስና ናት ያልኩት ባጇን አይቼ ነው፤ ግን አልዋሽም፣ ስናገር ልቤ ሞቅ ብሎት ነበር።»

አብተው ከድንጋዩ ተነሣ። ራሰ በራውን በመዳፉ መታው። ደስታው ከፊቱ ላይ ተርፎ ሳፊያ ጋ ደረሰ፤ እሷም ሳታውቀው ትስቃለች።

«አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ» አለ። «ራሱን እኔ አየሁት። አፉን ደግሞ እርስዎ ሰሙልኝ። አባባ፣ በዚህ ግቢ እርስዎን ማን ነው አንተ የሚልዎ?»

«ሥራ አስኪያጁ። እሳቸው ወንድ ናቸው፤ ያሉትም አዲስ አበባ ነው።»

«ሌላስ?»

ሽማግሌው ወደ ቢሮዎቹ ዞር አሉ። ከዘራው ከእጃቸው ወደቀ።

«ለማንም አይንገሩ» አለ አብተው። «ነገ ጠዋት ብቻ እንደ ሁልጊዜው ሰውን ይመርቁ።»

*

ማክሰኞ ጠዋት የጃዕፈር ወፍጮ ከወትሮው የበረታ መሰለ። አብተውና ሳፊያ የጥበቃ ቤቷ ውስጥ ተጠጋግተው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ተቀመጡ። ሰርቪሱ ቆመ፤ ሠራተኛው ወረደ፤ ማስነጠሱ ተጀመረ።

«ይማርሽ።» «ያኑርዎ አባባ።»

«ይማርህ።» «ያኑርዎ፣ ኦቦ ወዬሳ።»

እትዬ ሽታዬ ወገባቸውን ይዘው አለፉ። «ይማርሽ እቴ።» «ያኑርልኝ ወንድሜ። ዛሬስ ይሄ በርበሬ ሊገድለን ነው።»

አንዱም «ያኑርህ» አላለም። ጎረምሶቹ፣ በሰፈር ቋንቋ ሲቀላለዱ የመጡት እንኳ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ አንደበታቸው ይታረማል። በመጨረሻ ግራጫው ኮት መጣ። ባጁ በግራ ደረት፣ ቀጥ ብሎ። ወይዘሮ ልዩ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ ያዘች፤ በሩን አልፋ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ አስነጠሳት።

«ይማርዎ» አሉ አባባ ወዬሳ።

«ያኑርህ» አለች፣ ዘወር ሳትል፣ እንደ ልማዷ።

ሳፊያ የአብተውን ክንድ እስኪያመው ጨመቀችው።

*

ማስነጠስ ማስረጃ አይሆንም፤ ያንን ሁለቱም ያውቃሉ። የሚፈልጉት ሰው ማን እንደሆነ ካወቁ ወዲያ ግን የት እንደሚፈልጉ አወቁ። ፊቷን ካየ ሰው ዘንድ ነው። ሳፊያ ከመጋዘኑ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የወይዘሮ ልዩን ፎቶ በስልኳ አንሥታ በወፍጮው ጥግ ወደሚሰለፉት ባጃጆች ሄደች። ትናንት ስለ ጥቁር ሂጃብ ጠይቃቸው ነበር፤ ሂጃብ የለበሰ ሰው ቀኑን ሙሉ ስለሚጭኑ ምንም አላገኘችም።

ኡበይደላ የሚባለው ባለ ባጃጅ ፎቶውን አይቶ ሳቀ። «እሷማ። ጥቁር ለብሳ ገባች፣ ሳጥን ጭና ወጣች። መንገድ ላይ ሂጃቧን አውልቃ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔ በመስተዋቱ አየኋትና አስተግፊሩላህ አልኩ። መናኸሪያ ነው ያወረድኳት። አንድ ሰው ካርቶኖቹን ተቀብሎ የመቂ መኪና ላይ ጫነ። ‹እህቴ› ሲላት ሰምቻለሁ።»

እትዬ ሽታዬ ይህን ጊዜ ምላሳቸውን አልቆጠቡም። የወይዘሮ ልዩ ወንድም መቂ ላይ መድኃኒት ቤት አለው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሩጫ ነው። የፍተሻ ፈቃድ አስወጥተው ሞጆን አቋርጠው ወደ ደቡብ ተፈተለኩ። ከፊታቸው ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ያዘግማል፣ ከኋላው ሌላ አይሱዙ፤ አብተው እየተሳደበ፣ ወዲያው ይቅርታ እየጠየቀ ያልፋቸዋል። ሳፊያ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች። «ኮማንደር፣ አይውሰዷት። ጥቂት ይታገሡ። አዎ፣ በርበሬ ነው ያልኩት፤ በኋላ አስረዳዎታለሁ።»

መቂ ገበያው መሐል፣ ደላሎች ቲማቲም ላይ ከሚጨቃጨቁበት አለፍ ብሎ ነው መድኃኒት ቤቱ። ወንድምየው ፖሊስ ሲያይ ፈጥኖ የጓዳውን መጋረጃ ሳበ። ከጓዳ ሁለት አዳዲስ ፍሪጆች አሉ። አብተው አንዱን ሲከፍተው ብርዱ ፊቱን መታው። ኢንሱሊኑ ከነካርቶኑ፣ በወግ ተደርድሯል። ሰማያዊው ሳጥን ከሥሩ ተቀምጧል፤ በማንገቻው ላይ ደግሞ ባጅ ተንጠልጥሏል። የሑስና ፎቶ ፈገግ ብላ ታየዋለች።

«ለምን አልጣለችውም?» አለች ሳፊያ።

«ለሌላ እሑድ» አለ አብተው። «ባጅ ይጣላል እንዴ? የሷ ደንብ አይፈቅድም።»

*

መጋዘኑ በር ሲመለሱ ወይዘሮ ልዩ በሁለት ፖሊሶች መሐል ቆማለች። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይባላል፤ አብተው ገና ከመኪናው ሲወርድ ነው የጀመረችው።

«በማስነጠስ ነው አሉ የምትከሱኝ።»

«በማስነጠስማ አንከስም። በመቂው ፍሪጅ ነው። ወንድምሽ ቃሉን ሰጥቷል።» እርስዎ ማለቱ ቀርቷል፤ እሱም ልብ አላለውም። «አንድ ነገር ብቻ ላስተምርሽ። የሰውን ባጅ ስታጠልቂ የሰውን አክብሮትም አብረሽ ማጥለቅ ነበረብሽ።»

ወደ መኪናው ሲወስዷት ከወፍጮው ነፋስ መጣ፤ አስነጠሳት።

«ይማርዎ» አሉ አባባ ወዬሳ። ልማድ ነው።

ሴትዮዋ አፏን ከፈተች። ሁሉም፣ ባለ ባጃጆቹ ሳይቀሩ፣ ዝም ብለው ጠበቁ። መልሳ ገጠመችውና ገባች።

መኪናው እንደሄደ ሌላ ባጃጅ ቆመ። ሑስና ናት፤ ከጣቢያ ሲለቋት ቤቷ አልሄደችም። ልጇን ታቅፋለች፣ አማቷ ይከተሏታል። በሩ ጋ ስትደርስ አንድ እጇን ሰድዳ ከሂጃቧ ሥር መፈለግ ጀመረች፤ ባጇ እንደተወሰደባት ያኔ ትዝ አላትና እጇ አየር ላይ ቀረ።

አባባ ወዬሳ ከጥበቃ ቤቷ ወጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀዋል።

«ተይው ልጄ። ቀና በይልኝ።»

ቀና አለች። ሽማግሌው ፊቷን አዩት፤ ግንባሯን፣ ያበጠ ዓይኗን፣ አገጯን፣ ከዓመታት በፊት ማየት የነበረባቸውን ያህል ቆመው አዩት።

«ባጅ አይቼ ልጄን ሸጥኩ» አሉ። «ይቅር በይኝ፣ ኢንተላ ኮ።»

ሑስና መልስ ልትሰጥ ስትል ሕፃኑ ቀደማት። ትንሽ፣ ስል ማስነጠስ ነበረች፤ የገዛ ድምፁ አስደንግጦት ዓይኑን አፈጠጠ።

«ይማርህ የኔ ጌታ» አሉ አባባ ወዬሳ።

«ያኑርልን በላቸው፣ አባባን» አለች ሑስና፣ ልጇን ወደሳቸው አስጠግታ። ሽማግሌው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።